አዳማ መጥታችሁ ቧንቧ ለማሠራት ካሰባችሁ

ዘንድሮ አዳማ ስመጣ ብዙ አገልግሎት ተጠቅሜያለሁ። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ያመጣን ሚኒባስ ጥሩ ነበር፤ ሾፌሩ ስልክ ባያወራ ደግሞ በጣም ጥሩ ይሆን ነበር። ልብስ ንጽህና ቤቱም ሸሚዞቼን በቀጠሮው መልሷል። እነሱን በዚህ ልለፋቸውና ወደ ቧንቧ ሠራተኛው ልግባ። ከሁሉም አንጀቴን ያራሰው እሱ ነው።

ፍራንኮ ባለው የእናቴ ቤት፣ ከእጅ መታጠቢያው ስር ያሉት ሁለት አንግል ቫልቮች (ከግድግዳ የሚወጣውን ውሃ መክፈቻና መዝጊያዎች) አርጅተዋል። የአንዱ እጀታ ዝም ብሎ ይሽከረከራል እንጂ ውሃ አይዘጋም። ሌላው አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ንቅንቅ አይልም። ከቫልቩ ወደ ቧንቧው የሚሄደው ተጣጣፊ ቱቦ፣ ፍሌክሲብሉ፣ ባንጠባጠበ ቁጥር እማዬ ግቢ ወጥታ ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ትዘጋለች። የቤቱ ውሃ በሙሉ ይቆማል ማለት ነው።

መጀመሪያ የደወልኩለት ባለሙያ “መንገድ ላይ ነኝ” አለኝ። ማታም ስደውል መንገድ ላይ ነበር። ተውኩት።

ሁለተኛውን የጠቆመችን ጎረቤት ናት። ወጣት ነው። ገና እንደገባ ጂራቱቦውን (የቧንቧ መፍቻውን) ሳያወጣ “ማዘር፣ ውሃ መቼ ነው የሚመጣላችሁ?” ብሎ ጠየቀ። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው፤ በሌላው ቀን ጣራ ላይ ካለው የውሃ ታንከር፣ ከሮቶ፣ እንጠቀማለን። ሥራውን ውሃ በሚመጣበት ጠዋት አደረገው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ከጣራ የሚወርድ የሮቶ ውሃ ግፊቱ ትንሽ ነው። በሮቶ ደረቅ የሆነ መገጣጠሚያ የመስመሩ ውሃ ሲመጣ ሊያለቅስ ይችላል። ሠርቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ውሃው ሳይመጣ የሚሄድ ባለሙያ ደግሞ ሞልቷል።

ዕቃውን አብረን ገዛን። ሳኒታሪ መሸጫ ውስጥ ሁሉም ነገር “ኦርጂናል” ነው። ልጁ ግን ሁለት ቫልቮች በሁለት እጁ ይዞ መዘናቸው። ላያቸው እኩል ያብረቀርቃል። ከባዱ ናስ ነው። ቀላሉ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው፤ ውሎ አድሮ ክሩ (የሚጠመዘዝበት ጥርሱ) ላይ ይሰነጠቃል። የወሰድነው ከባዱን፣ በሩብ ዙር የሚዘጋውን ነው። እማዬ ለእጇ እንዲቀላት ብዬ እኔም ደስ አለኝ።

አሮጌውን ሲፈታ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። ግድግዳው ውስጥ ያለው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ከተሰበረ ሴራሚክ ማፍረስ ይመጣል። እሱ በአንዱ ቁልፍ ግድግዳው ጋ ያለውን መገጣጠሚያ ጨብጦ፣ በሌላው ቫልቩን ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ ነቀነቀው። ሲለቅለት ክሩን በሽቦ ብሩሽ አጸዳ፤ የአዲሱን ክር ውሃ እንዳያሾልክ በቴፍሎን ጥብጣብ በሚጠብቅበት አቅጣጫ ጠመጠመ። ፍሌክሲብሉን ግን ወዲያው አላሰረም። ባልዲ ደቅኖ ውሃውን ለቀቀው። መጀመሪያ የወጣው ደፍራሽ ነበር። የአዳማ ውሃ ከአዋሽ ተስቦ፣ ተጣርቶ ነው የሚመጣው፤ ግን ቆሞ የከረመ መስመር ሲለቀቅ፣ አሮጌ ቧንቧም ሲነካካ ዝገትና ደለል ይዞ ይወጣል። ያ ወደ አዲሱ ዕቃ ከገባ ድካሙ ከንቱ ነው።

ካሰረ በኋላ ሶፍት ቀዶ ከየመገጣጠሚያው ስር አነጠፈና ቡና ጠጣ። ቡናው ሲያልቅ ያንዱ ሶፍት ጫፍ ረጥቧል። ምንም አላለም። ጎሚኒውን (የላስቲክ ማሸጊያውን) ቀይሮ ሌላ ሶፍት አነጠፈ፤ እማዬም ሁለተኛውን ቀዳችለት።

ቅሬታም አለኝ። ዋጋውን አስቀድሞ ቁርጥ አያደርግም፤ “ችግር የለውም፣ እንስማማለን” ይላል። ደረሰኝ የለም። የፈታውን ዝገትም እዚያው ትቶ ነው የሄደው። ቢሆንም የእጅ ዋጋውና የቫልቮቹ ዋጋ ተደምሮ፣ አሜሪካ፣ ዴንቨር ያለ ቧንቧ ሠራተኛ በር ለማንኳኳት ብቻ የሚጠይቀኝን አያክልም። ጉርሻ ጨምሬ በቴሌብር ላኩለት።

“ከአሜሪካ ጥሩውን ይዘን እንሂድ” የምትሉ ዘመዶቼ፣ ተዉት። የግማሽ ኢንቹ ክር እዚያም እዚህም በኢንች 14 ጥርስ ስለሆነ የሚገጥም ይመስላል። ግን የአሜሪካው ክር የጥርሱ ማዕዘን 60 ዲግሪ ነው፤ እዚህ የምንጠቀምበት 55። ጥቂት ዙር ይገባና ይነክሳል፤ ከዚያ ያንጠባጥባል። የፍሌክሲብሉም ጫፍ ይለያያል፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው፣ እዚህ ግማሽ።

ከቆጣሪው በኋላ ያለው ጌት ቫልቭም (የቤቱን ውሃ በሙሉ የሚዘጋው) ማርጀቱን ነግሮናል። እሱን እቀይራለሁ ብሏል፤ ከቆጣሪው በፊት ያለውን ግን የውሃ አገልግሎቱ ካልሆነ እንደማይነካ አስረግጦ ተናገረ። ቀጠሮውን የያዘው ከእማዬ ጋር ነው። እሷ ስትደውል ቶሎ ያነሳል።