ተራራ ላይ የተከራየነው ካቢን፣ ከ5 ኮከብ 2

ባለፈው ግንቦት ከዴንቨር ሁለት ሰዓት ተኩል ነድተን የገባንበት ካቢን ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ባለቤትየውም ክፉ ሰው አይደለም። ቪውው ሌላ ነው፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላችሁ በረዶ የለበሰ ተራራ እያያችሁ ቡና ትጠጣላችሁ፣ አልጋው ንፁህ ውሃው ሙቅ። ሁለቱ ኮከብ ለዚህ ነው።

ችግሩ ኪችኑ ጋ ነው። ስኒ ላወጣ ካቢኔቱን ስከፍት ጥቁር አዝሙድ የተደፋ መሰለኝ፣ ጠጋ ብዬ ሳይ የአይጥ ካካ! ከሲንኩ ስር ደግሞ ኢንሱሌሽኑን (ግድግዳ ውስጥ ያለውን የብርድ መከላከያ) ቦጫጭቃ ጎጆ ሰርታለች። ቤቱ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ ከርሟል፣ እሷም በ6 ሚሊሜትር ቀዳዳ የምትገባ ፍጥረት ናት፣ ተራራ ላይ አይጥ አየሁ ብዬ ኮከብ አልቀንስም። ለባለቤትየው ቴክስት ሳደርግለት ግን "መጥረጊያ ከበሩ ኋላ አለ፣ ጠረግ ጠረግ አድርጉት" አይለኝም? እማዬ ደግሞ ቀድማ መጥረጊያውን አንስታለች። "እማዬ ተይ እንዳትጠርጊው!" ብዬ ስጮህ "ምነው ልጄ፣ እኛ ከአይጥ ጋር አይደል እንዴ ያደግነው" አለችኝ።

ከዚችኛዋ ጋር ግን አላደገችም። ይቺ ዲር ማውስ የሚሏት ናት፣ ጀርባዋ ቡኒ፣ ሆዷ ነጭ፣ አይኗ ትልልቅ፣ ስታዩዋት ታሳሳለች። ሲን ኖምብሬ የሚባለውን ሃንታ ቫይረስ ይዛ የምትዞረው እሷ ናት፣ እሷን ምንም አያደርጋትም፣ ወንዶቹ አይጦች ሲጣሉ በንክሻ ይተላለፋል፣ ከዛ በሽንትና በካካ ይወጣል፣ ሲደርቅ አቧራ ይሆንና መጥረጊያ ስታሳርፉበት ወደ ሳንባችሁ። ሰው ላይ ሳንባ ከያዘ ከ10ሩ ወደ 4ቱን ይገድላል፣ የራሱ መድኃኒት የለውም። የታወቀው በፈረንጆቹ 1993 ኒው ሜክሲኮና አሪዞና አካባቢ ጤነኛ ወጣቶች ድንገት ሲሞቱ ነው፣ ከድርቅ በኋላ በረዶና ዝናቡ በደንብ መጣ፣ የፒንየን ዛፍ ፍሬ ተትረፈረፈ፣ አይጧም ጠግባ ተራባች፣ ከዛ ሰው ቤት ገባች። በ2012 ዮሰሚቲ ፓርክ 10 ሰው ታሞ 3 ሲሞት ደግሞ አብዛኞቹ ያደሩት ግድግዳው ድርብ የሆነ ድንኳን ቤት ውስጥ ነበር፣ መሃሉ ያለው ኢንሱሌሽን ለአይጦቹ ኮንዶሚኒየም ሆኖላቸው። የኛን ሲንክ ሳይ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

እና በርና መስኮቱን ከፈትን፣ ሁሉም ወጣ፣ እኔ ተመልሼ ወደ ከተማ ነድቼ በረኪናና ጓንት ገዛሁ (ኪችኑ ውስጥ ሶስት አይነት ሻማ አለ፣ በረኪና የለም)። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ በደንብ አርጥቤ 5 ደቂቃ ጠበቅኩ፣ በወረቀት እያነሳሁ ድርብ ፌስታል ውስጥ ከተትኩ፣ ቀዳዳውን በድስት መፈተጊያ ሽቦ ወተፍኩት። ቡናው የተፈላው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው።

በዚህ ላይ 95 ዶላር ክሊኒንግ ፊ ከፍለናል! ይመለስልኝ ስለው "በ20 አመት ማንም አልታመመብኝም" አለኝ። እውነቱን ይሆናል፣ ብርቅ በሽታ ነው፣ ከ1993 እስከ 2022 መጨረሻ በመላው አሜሪካ የተመዘገበው 864 ሰው ነው። ግን ምልክቱ ሳይታይ እስከ 8 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል እኔ እማዬ ባሳለች ቁጥር ቀን ስቆጥር ከረምኩ፣ እሱ ግማሹን 47 ከሃምሳ ላከልኝ።