ስራ የሚያስገኘው ላንጉጅ ወይስ የወደዳችሁት? ጃቫስክሪፕት፣ ፓይተን፣ ኤሊክሰርና ሉአ በአንድ የዱቤ ደብተር ሲነጻጸሩ

ደብረ ብርሃን ላይ ፕሮግራሚንግ ልጀምር የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የትኛው ላንጉጅ ነው ስራ የሚያስገኘው" ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፣ እንጀራ ነውና ማንም አይወቅሰውም፣ ግን ስራ ያስገኛል የተባለውን ላንጉጅ ሶስተኛው ወር ላይ፣ ማታ፣ በዛ ብርድ ጋቢ ደርባችሁ ከፍታችሁ ትቀመጣላችሁ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ የማውቃቸው ጀምረው የተዉ ልጆች አብዛኞቹ ከብዷቸው አይደለም፣ ሰልችቷቸው ነው። በተቃራኒው ደግሞ የክፍል ጓደኞቹ ስሙን እንኳን ሰምተውት የማያውቁትን ላንጉጅ ይዞ፣ አምስት ሳንቲም ሳያገኝበት፣ ዓመት ሙሉ ከሱ ጋር የሚያመሽ ሰው አለ፣ እና ያ ሰው በኋላ የፈለጋችሁትን ላንጉጅ ስጡት በሳምንት ይሰራበታል። ስለዚ እዚህ ላይ ሁለት በደንብ የሚታወቁ፣ ጃቫስክሪፕትና ፓይተን፣ እና ሁለት ብዙም የማይታወቁ፣ ኤሊክሰርና ሉአ፣ ላንጉጆችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ዓመት ስጠራ፣ ዓመተ ምህረት ካላልኩ በስተቀር፣ በፈረንጅ ነው።

አራቱም ነጻ ናቸው፣ ብር ተከፍሎ የሚገዛ የለም። የምትከፍሉት በዳታ፣ በራምና በጊዜ ነው፣ ለኮርስ ከተመዘገባችሁ ደግሞ በብር። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ የሞባይል ዳታ ላይ ትወድቃላችሁ፣ ያኔ "ይሄንን ለመጫን ስንት ሜጋ ይበላል" የሚለው ቀልድ አይደለም።

ለማነጻጸር አንድ ስራ ልያዝ። የሰፈራችን ባለሱቅ "አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ትነካካለህ አይደል፣ ይቺን የዱቤ ደብተር አስገባልኝ" አሉኝ፣ "እሺ ጋሼ" አልኩ። ሲያዩት ቀላል ነው፣ ስም፣ ብር፣ ቀን፣ ድምር፣ አለቀ። ግን ስሙ በፊደል ነው የሚጻፈው፣ ቀኑ በኛ አቆጣጠር ነው፣ ብሩ ደግሞ ከተሳሳተ ጎረቤት ያጣላል። እነዚህ ሶስቱ ላንጉጅን በደንብ ይፈትናሉ።

ከብሩ እንጀምር። ደንበኛው 50 ብር ነበረበት፣ ዛሬ 20 ጨመረ። ኪቦርድ ላይ የተጻፈው 50 ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ ጽሁፍ ሆኖ ነው የሚገባው፣ ቁጥር ሆኖ አይደለም። ይሄን ረስታችሁ ቁጥሩን 20 ብትደምሩበት ጃቫስክሪፕት ምንም ሳይናገር ሁለቱን አጣብቆ 5020 ይላችኋል። አስቡት ጋሼ ሰውየውን አምስት ሺህ ሀያ ብር አምጣ ሲሉት። ፓይተን እዚጋ ቆሞ "ጽሁፍና ቁጥር አልደምርም" ብሎ ኤረር ይሰጣል፣ ኤሊክሰርም እንደዛው እምቢ ይላል። ሉአ ደግሞ ጽሁፉን ራሱ ወደ ቁጥር ቀይሮ 70 ይላል፣ ምክንያቱም ሉአ ላይ መደመርና ጽሁፍ ማጣበቅ የተለያየ ምልክት ነው ያላቸው፣ መደመሪያው ሁሌም ይደምራል። አያችሁ፣ አራት ላንጉጅ አንድ ጥያቄ ሶስት ዓይነት መልስ። ሰው አንዱን ላንጉጅ ወደድኩት ሲል ብዙ ጊዜ የሚወደው እንደዚህ አይነቱን ጸባዩን ነው።

ፊደሉ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። "ሰላም" ስንት ፊደል ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ጃቫስክሪፕትም ፓይተንም 3 ይላሉ፣ ኤሊክሰርም 3 ይላል፣ ስንት ባይት (ኮምፒውተሩ ጽሁፍ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ክፍል) ነው ካላችሁት ለብቻው 9 ይላችኋል፣ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ 8፣ ማለት ጽሁፍ ወደ ባይት በሚቀየርበት ዘዴ፣ ሶስት ባይት ስለሚይዝ። ሉአ ግን በተለመደው መንገድ ስትጠይቁት 9 ነው የሚለው፣ ባይት ነው የሚቆጥረው፣ 3 እንዲላችሁ የዩቲኤፍ 8 ላይብረሪውን (ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ) መጥራት አለባችሁ። ቃሉን ገልብጥ ብትሉት ደሞ ባይቶቹን ገልብጦ የማይነበብ ነገር ያወጣል። የሚገርመው ግን ስሞቹን በፊደል ተራ ደርድር ስትሉት ሉአ ዝም ብሎ በትክክል ይደረድራል፣ ሀ ለ ሐ መ ብሎ፣ ዩኒኮድ ላይ፣ ማለት የዓለም ፊደላት ቁጥር የተሰጣቸው ሰንጠረዥ ላይ፣ ፊደሎቻችን የተቀመጡት በዛው ተራ ስለሆነ የባይቱም ቅደም ተከተል እሱኑ ይከተላል።

አለሙ እና ዓለሙ ግን ለአራቱም ሁለት ሰው ናቸው። ጋሼ አንዴ በአ አንዴ በዓ ጽፈው ከፈለጉት ደንበኛው ሁለት ዕዳ ይኖረዋል ማለት ነው፣ ሐ፣ ሀ እና ኀም፣ ሠ እና ሰም እንደዛው። ይሄን ማንም ላንጉጅ አይሰራላችሁም፣ ራሳችሁ ናችሁ የምትጽፉት። ፓይተን ላይ የመተኪያ ሰንጠረዥ ሰርቶ አንድ ትዕዛዝ ነው፣ ቀላል ነው አልዋሽም። ኤሊክሰር ላይ ግን "ሐ ከመጣ ሀ መልስ"፣ "ዓ ከመጣ አ መልስ"፣ "ሌላ ከመጣ እንዳለ ተወው" እያላችሁ እያንዳንዷን ህግ ለብቻዋ መስመር ላይ ትጽፋላችሁ፣ ሲያልቅ ፕሮግራም ሳይሆን የፊደል ገበታ ነው የሚመስለው፣ ኮድ የማያውቅ ሰው እንኳን አንብቦ "ጸ እና ፀ ን ረስተሃል" ሊላችሁ ይችላል። እኔ ኤሊክሰርን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው፣ ፍጥነቱ ምናምን በኋላ የመጣ ነው።

ኤሊክሰርን ትንሽ ላስረዳ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። የሰራው ሆሴ ቫሊም የሚባል ብራዚላዊ ነው፣ ሰውየው ሩቢ ኦን ሬይልስ የሚባለው የድረገጽ መስሪያ ዋና አዘጋጆች ቡድን ውስጥ ነበር፣ ብዙ ስራ በአንዴ ማስኬድ ሲያስቸግረው ኧርላንግ የሚባል የቆየ ላንጉጅ ላይ የሚነሳ አዲስ ላንጉጅ ሰራ። ኧርላንግ ራሱ በ1980ዎቹ ኤሪክሰን ውስጥ ለስልክ ማዞሪያ የተሰራ ነው፣ ስልክ ማዞሪያ ደግሞ የአንድ ሰው ጥሪ ተበላሸ ብሎ የከተማውን ስልክ ሁሉ አይዘጋም። ዋትስአፕ የተሰራው በኧርላንግ ነው፣ በ2014 ፌስቡክ ሲገዛው 450 ሚሊዮን ገደማ ተጠቃሚ ነበረው፣ ኢንጅነሮቹ ግን 30 ምናምን ብቻ ነበሩ። መወያያ አፑ ዲስኮርድም ኤሊክሰርን ይጠቀማል።

ይሄን ጸባዩን ዱቤው ላይ ሞከርኩት። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ትንሽ ፕሮሰስ (ለብቻው የሚሮጥ ስራ) ሰጠሁትና አንዱ ላይ ሆን ብዬ በቁጥር ፋንታ "ሃምሳ" ብዬ በፊደል አስገባሁ። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሁፍ ወጣ፣ የዛ ደንበኛ ፕሮሰስ ሞተ፣ ሌሎቹ ምንም አልሆኑም፣ የሞተውንም ፕሮሰሶቹን የሚጠብቀው ተቆጣጣሪ ወዲያው መልሶ አስነሳው። ደስ ይላል ማየቱ። ግን ልብ በሉ፣ ሂሳቡ ሚሞሪ ላይ ብቻ ከነበረ ሲነሳ ባዶውን ነው የሚነሳው፣ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ የናንተ ስራ ነው፣ ለዛ የሚሆን ትንሽ ዳታቤዝ ከኧርላንግ ጋር አብሮ ይመጣል። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለአንድ ሱቅ ዱቤ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም፣ በግ ለማረድ ግመል ማረጃ መሳል ነው።

ሌላው ያልተወራለት ነገር፣ ኤሊክሰር ሼሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ውስጥ የአንዱን ትዕዛዝ ማብራሪያ ስትጠይቁት ከነምሳሌው እዛው ያወጣላችኋል፣ ያለ ኢንተርኔት። ስሪቱም ከ2014 ጀምሮ 1 ነጥብ ምናምን ላይ ነው ያለው፣ የዛሬ አምስት ዓመት የተጻፈ መጽሐፍ ዛሬም ብዙው ይሰራል። ጃቫስክሪፕት ላይ ይሄን አትጠብቁ፣ ላንጉጁ ራሱ የድሮውን አይሰብርም እሱስ ልክ ነው፣ ፍሬምወርኮቹ፣ ማለት እሱ ላይ የተሰሩት የተዘጋጁ መስሪያዎች፣ ናቸው የሚያንገላቱት፣ አንዱን ጨርሳችሁ ሳትይዙ ሰዉ ሌላ ጋር ሄዷል፣ ትንሽ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ፓኬጅ (ሌሎች የጻፉት ኮድ) ሊያወርድ ይችላል። ፓይተን ከ2 ወደ 3 ሲሸጋገር ስንቱን እንዳስለቀሰ የሚያውቅ ያውቃል፣ 2 የተዘጋው በ2020 ነው፣ አሁን ግን ተረጋግቷል።

ሉአም ከብራዚል ነው የሚገርመው፣ በ1993 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ያለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የተሰራው። እስከ 1992 ድረስ ብራዚል ከውጭ ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ማስገባትን በጣም ታጠብቅ ስለነበር "የለም እንግዲህ ራሳችን እንስራው" ብለው የሰሩት ነው፣ ዛሬ ሮብሎክስና ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የሚባሉት ጌሞች ላይ፣ ሬዲስ ዳታቤዝ ውስጥ አለ። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ውስጥ ተቀምጬ ይሄን ሳስብ ትንሽ ይቆጨኛል፣ ይለፍ።

ሉአን የሚወዱት ትንሽ ስለሆነ ነው። ሙሉ ሶርስ ኮዱ ተጨምቆ ከ400 ኪሎባይት በታች ነው፣ ቴሌግራም ላይ ከምትከፍቱት አንድ ፎቶ ብዙም አይበልጥም፣ ኤሊክሰር ያለሱ የማይሰራው ኧርላንግ በአንጻሩ ዊንዶውስ ላይ ብቻውን ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፣ ፓይተን ደሞ 25 ሜጋ አካባቢ። 2 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሉአ ይበራል። ዳታ ማስቀመጫው ቴብል የሚባል አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሊስትም እሱ፣ መዝገብም እሱ፣ ስለዚ ላንጉጁን ከዳር እስከ ዳር ጭንቅላታችሁ ውስጥ መያዝ ትችላላችሁ፣ ፓይተንን እንደዛ የያዘ ሰው አላየሁም። ግን ከሳጥኑ ስታወጡት ባዶ ቤት ነው፣ ኢንተርኔት ልገናኝ፣ ጄሰን (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት አጻጻፍ) ላንብብ ካላችሁ ከውጭ ላይብረሪ ማምጣት ነው፣ ቆጠራውም ከ1 ስለሚጀምር ከሌላ ላንጉጅ የመጣ ሰው እጁ ይስታል።

ቀኑ ላይ ይሄ ባዶነቱ አስደሰተኝ። ጃቫስክሪፕትና ፓይተን ላይ የኛን ካላንደር የሰራ ሰው አለ፣ ታወርዳላችሁ ትጠቀማላችሁ፣ ጨረሳችሁ። ሉአ ላይ ራሴ ጻፍኩት። 12 ወር በ30፣ ጳጉሜ 5፣ ዓመተ ምህረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ፣ ማለት በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ 6፣ ልክ እንደ 2015 ዓ.ም.። ቤተ ክህነት የሚያውቁ አባቶች በቃላቸው የሚያሰሉት ነገር አስር ምናምን መስመር ሆኖ ሲሰራ ስታዩት ፓኬጅ ከማውረድ ጋር አይገናኝም። ቀጣሪ ግን ለዚህ አይከፍላችሁም፣ ቀጣሪ የሚፈልገው አውርዳችሁ እንድትጨርሱ ነው፣ እሱም ልክ ነው።

ማን የቱን ይምረጥ? ዘንድሮ ተመራቂ ሆኖ አዲስ አበባ ስራ የሚፈልግ ልጅ ጃቫስክሪፕትን ይያዝ፣ ቢሰለቸውም፣ የስራ ማስታወቂያው ላይ በብዛት የሚመጣው እሱና ጃቫ፣ የሞባይል አፕ መስሪያው ፍላተር ምናምን ናቸው፣ ኤሊክሰር የሚል ማስታወቂያ እዚህ ሀገር እኔ አላየሁም፣ የውጭ ሪሞት ስራ ላይ ያለው ደግሞ አብዛኛው ሲኒየር (ብዙ ልምድ ያለው) ነው የሚለው። በዳታና በኤአይ በኩል መሄድ የሚፈልግ ፓይተን፣ እዚጋ ክርክርም የለም። ደመወዝ ያላት፣ አስተማሪም ባንክ ሰራተኛም ትሁን፣ ማታ ማታ ለራሷ የምትማር ግን ለምን ከሰዉ ጋር ትሰለፋለች፣ ኤሊክሰር ትሞክር፣ አስተሳሰብ ይቀይራል። ጌም የሚወድ የሃይስኩል ልጅ፣ ላፕቶፑም ያረጀ ከሆነ፣ ሉአ። ረስትን ያልጠቀስኩት ጠልቼው አይደለም፣ የፕሮግራመሮች መጠያየቂያ ድረገጹ ስታክ ኦቨርፍሎው በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት ከ2016 ጀምሮ ለዓመታት በተከታታይ በጣም የተወደደ ሲባል የኖረ ላንጉጅ ነው፣ ግን ዊንዶውስ ላይ በተለመደው መንገድ ስትጭኑት ጊጋ የሚበሉ የማይክሮሶፍት መሳሪያዎችን ይጠይቃል፣ 4 ጊጋ ራም ላይ ትልቅ ፕሮጀክት ኮምፓይል ስታደርጉ (ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ስትቀይሩ) ቡና ተፈልቶ ሶስተኛው ይደርሳል።

ያልተለመደ ላንጉጅ ስትይዙ የሚጎዳው ትልቁ ነገር ብቸኝነት ነው። በአማርኛ ቪዲዮ ለፓይተን ሞልቷል፣ ለኤሊክሰር ግን የለም በሉት። ኤአይም ብዙ አይረዳም፣ ፓይተን ላይ ጎበዝ የሆነው ቻትቦት ሉአ ስትጠይቁት አንዳንዴ የሌለ ፈንክሽን ፈጥሮ ይሰጣችኋል፣ ከ0 ይቆጥራል፣ የሉአን 5.1 እና 5.4 ስሪት ያደባልቃል። በሌላ በኩል ደሞ ሰዉ ትንሽ ስለሆነ ጥያቄ ስትጠይቁ የሚመልስላችሁ ላይብረሪውን የጻፈው ሰውዬ ራሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ፣ እንግሊዝኛችሁ ቢሰባበርም ማንም ግድ የለውም። ጃቫስክሪፕት ላይ ይሄ አይታሰብም።

ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ስልጠና እዩት፣ ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬትም አለው፣ መሰረቱን እዛ ይዛችሁ የምትወዱትን በራሳችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ለኤሊክሰርና ለሉአ ብር አስከፍሎ የሚያስተምራችሁ ሰው እዚህ አካባቢ አታገኙም፣ ባታገኙም አይከፋም፣ የሁለቱም ኦፊሴላዊ ማኑዋል በቂ ነው። ኤሊክሰር ዊንዶውስ ላይ ስትጭኑ ኧርላንግ ይቅደም፣ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ አውርዱት። ሉአ ስታወርዱ ቁጥሩ 5.3 ወይም ከዛ በላይ መሆኑን እዩ፣ ፊደላችንን የሚቆጥረው የዩቲኤፍ 8 ላይብረሪ ከዛ በፊት ባለው ውስጥ የለም። ማኑዋሉ አንድ ገጽ ነው፣ ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጉት።