ለዶሮ የታሰበ በር ለዳክዬ ሲገጠም

በራሱ የሚከፈትና የሚዘጋ የዶሮ ቤት በር ገዝቼ ዳክዬዎቼ በሚያድሩበት ቤት ላይ ከገጠምኩት ሰነባብቷል። ዕቃው ጥሩ ዕቃ ነው። የሠሩት ሰዎች ግን በልባቸው የነበረችው ዶሮ ብቻ ናት፤ ካርቶኑ ላይ ከዶሮዋ ጎን ዳክዬ መሳላቸው ለገበያ ይመስለኛል። ዳክዬዎቻችሁን ቀኑን ሙሉ በግቢ የምትለቁና ይህን በር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ግዙት። ነገር ግን ብርሃን እያየ የሚሠራበትን መንገድ አጥፉና በሰዓት ብቻ አሠሩት። አመሻሽ ላይ ወደ ግቢ መውጣታችሁም አይቀርም፤ ይህን ካርቶኑ አይነግራችሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የአሉሚኒየም ሰሌዳ በግራና በቀኝ በተተከሉ ሁለት ሐዲዶች መካከል ይወጣል፣ ይወርዳል። ከላይ ያለው ሳጥን ሞተር፣ አራት ትንንሽ ባትሪዎች፣ ሰዓትና ብርሃን የሚለካ ሴንሰር ይዟል። ጎህ ሲቀድ ይከፍታል፣ ሲጨልም ይዘጋል። ለዶሮ ከዚህ የተሻለ ነገር ማሰብ ይከብዳል። ዶሮ ድንግዝግዝ ሲል አጥርታ ስለማታይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንም ሳይጠራት ወደ ቆጧ ትወጣለች፤ በሩም የሚዘጋው እሷ ከገባች በኋላ ነው።

ዳክዬ ግን ሌላ ፍጥረት ናት። ሙስኮቪ ከሚባለው በስተቀር የቤት ዳክዬ ዝርያዎች በሙሉ የመጡት ማላርድ ከሚባለው የዱር ዳክዬ ነው። እሱ ደግሞ ሌሊትም የሚመገብ፣ ማረፍ ሲፈልግ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚያርፍ ወፍ ነው። ከዛፍ ላይ ከሚያድረው ከዶሮ ቅድመ አያት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይህ ጠባይ በግቢ ዳክዬዎች ላይ እንዳለ ይታያል። ቀን ቀን በጥላ ሥር ተጋድመው የዋሉት፣ መሸትሸት ሲልና ሣሩ መርጠብ ሲጀምር ነቃ ነቃ ይላሉ። ቀንድ አውጣና የምድር ትል ብቅ የሚሉበት ሰዓት ነዋ! ምንቃራቸውን አፈር ውስጥ እስከ አፍንጫ ቀዳዳቸው ሰክተው እየቆፈሩ፣ በመካከሉ ወደ ውሃው እየሮጡ ጭቃውን እያጠቡ፣ ተመልሰው ደግሞ እየቆፈሩ፣ ለቤት የሚሆን ሐሳብ ጨርሶ የላቸውም። በዚህ መሐል ሴንሰሩ ጨለመ ይላል፤ ሰሌዳው ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ማደሪያውም ባዶውን ይቆለፋል።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው ነገር ነው የሚያሳስበኝ። ዳክዬዎቹ ሲደክማቸው ይመጡና የተዘጋው በር ሥር ተኮልኩለው ይተኛሉ። ሸለምጥማጥ ወይም ቀበሮ ከዚህ የተመቸ ማዕድ አያገኝም። አብዛኞቹ በረው አያመልጡም፤ እንደ ፔኪን ያሉት ከባድ ዝርያዎች ከመሬት መነሣት እንኳን ያቅታቸዋል፤ ቀጥ ብለው የሚሄዱት ሯጭ ዳክዬዎችም በእግራቸው እንጂ በክንፋቸው አይታመኑም። ስለዚህ በብርሃን የሚሠራ በር ለሚለቀቁ ዳክዬዎች ከጥበቃ ይልቅ ወጥመድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መዝጊያውን በሰዓት ሞልቼ፣ ከዚያ ቀደም ብዬ እወጣለሁ። የማታውን መኖ ውጭ አልሰጥም፤ ከውስጥ ብቻ ነው። የመኖው ባልዲ ሲንኳኳ አብዛኞቹ በራሳቸው ይመጣሉ። የቀሩትን በሁለት ረጃጅም ዘንጎች እነዳለሁ፤ አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ዘርግቶ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ዳክዬን ነጥሎ ማባረር ልብ ያወልቃል፤ መንጋውን አንድ ላይ መንዳት ግን የሚገርም ቀላል ሥራ ነው። ከገቡ በኋላ ቆጥሬ እመለሳለሁ። በሩ በሰዓቱ ይዘጋል።

«ታዲያ እጅሽ ሊዘጋው የሚችለውን በር ሞተር ምን ያደርግልሻል?» የሚል አይጠፋም። ጥቅሙ ጠዋት ላይ ነው። ዳክዬ እንቁላሏን የምትጥለው በአብዛኛው ከንጋት በፊትና ማለዳ ላይ ነው፤ ጎጆ ትመርጣለች ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሲመጣባት ከቁጥቋጦ ሥርም፣ ከኩሬ ዳርም፣ አንዳንዴም እዚያው ውሃ ውስጥ ትጥለዋለች። ጎህ ሲቀድ የሚከፍት በር ማለት የጠዋቱን እንቁላል ለግቢው ማከፋፈል ማለት ነው። እኔ የሞላሁት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንዲከፍት ነው። የመሣሪያው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ስለሚቆጥር 9 ብላችሁ ሙሉት፤ 3 ብሎ የሞላ ሰው በሌሊት በሩን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። አሁን እንቁላሉን የምሰበስበው ከጭዱ ላይ ነው፤ እኔም ማልጄ ለመነሣት አልገደድም። ለዚህ ብቻ እንኳን ቢሆን ገንዘቤ አላስቆጨኝም።

ወደ ጭቃው ልምጣ፤ ትልቁ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው ሲወርድ የሚያርፈው በታችኛው ደፍ ላይ ባለች ጠባብ ቦይ ውስጥ ነው። ዶሮ ደረቅ እግር ይዛ ስለምትገባ ቦይዋ ንጹሕ ሆና ትቆያለች። ዳክዬ ግን ከውሃው ወጥታ፣ ጭቃውን ረግጣ፣ ከነእርጥበቷ ነው የምትገባው። ቦይዋ በጭቃ፣ በጭድና በላባ ቁርጥራጭ ትሞላለች፤ ሲደርቅም ይጠነክራል። በሩ ደግሞ ከሥሩ የሆነ ነገር ሲያደናቅፈው እንስሳ የተያዘ መስሎት ወደ ላይ የሚመለስበት መከላከያ አለው። መከላከያው መልካም ነው፤ ጥቅል ጨርቅ አስቀምጬ ፈትኜዋለሁ፤ ገና ሲነካው ተመለሰ። ግን የደረቀ ጭቃና የዳክዬ አንገት ለሞተሩ አንድ ናቸው። ወረደ፣ ነካ፣ ተመለሰ፤ ደግሞ ወረደ፣ ነካ፣ ተመለሰ፤ ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ክፍቱን አደረ። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ ድምፅ አያሰማም። ለሻጮቹ ስነግራቸው የሰጡኝ መልስ «በየጊዜው ይጽዳ» የሚል ነበር። ያውም ትክክል ነው፤ ግን መመሪያው ላይ አንድ መስመር ቢጽፉት ምን ነበረበት?

እንዲህ አድርጌ አቃለልኩት፦ የመጠጫና የመዋኛ ውሃውን ከበሩ አራቅሁት፤ ከደፉ ፊት ጠጠር ደለደልኩ፤ የቦይዋን ሁለት ጫፎች ደግሞ በመጋዝ ቆርጬ ከፈትኳቸው፤ አሁን ጭቃው ተጠራቅሞ ከመጋገር ይልቅ በጎን ይወጣል። ያም ሆኖ በዝናብ ወቅት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈጌ አልቀረም።

ስፋቱን በሚመለከት ትልቁን መጠን ግዙ። ዶሮዎች አንድ በአንድ ይገባሉ። ዳክዬዎች የሚገቡት ተጋፍተው ነው፤ በጠባብ በር ሦስቱ እኩል ሲገቡ መሐል የተያዘችው ትረገጣለች፤ የዳክዬ እግር ደግሞ ለገላዋ ክብደት ደካማ ስለሆነ በቀላሉ ያነክሳል። በሩንም ከመሬት ብዙ ከፍ አታድርጉት፤ መወጣጫ ካስፈለገ ዘንበል ያለ እንጂ እንደ መሰላል የቆመ አይሁን። አዲስ ነገር ስለሚያስፈራቸው መጀመሪያ ሰሌዳውን ከፍ አድርጋችሁ ያለ ሞተር ተዉት፤ ሲለምዱት ሞተሩን አስነሡት። የሞተሩ ድምፅ ግን ያን ያህል አይደለም።

በሩ የማይደርስበት ነገርም አለ። ዳክዬ መታቀፍ ስትፈልግ ከግቢው ጥግ ቅጠል አልብሳ እንቁላሏን ትደብቅና 28 ቀን እዚያው ትሰነብታለች፤ ሙስኮቪ ከሆነች 35 ቀን ገደማ። ማታ አትመጣም። መሣሪያው «ተዘግቷል» ብሎ አረንጓዴ ያበራል፤ ስንት እንደገቡ አያውቅም። ቆጥራችሁ አንዷ ከጎደለች ቁጥቋጦውን በባትሪ ፈትሹ።

ለአንድ ነገር በሩን የሠሩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። በእጅ የሚቆለፍበት ቁልፍ አለው፤ አንዴ ከተጫነ ሰዓቱ ምንም ቢል በሩ አይከፈትም። የወፍ ጉንፋን ሲነሣና የእንስሳት ጤና ባለሥልጣናት ወፎች ከቤት እንዳይወጡ ሲያዝዙ፣ ከዱር የውሃ ወፎች ጋር አብረው ሊውሉ የሚችሉ ዳክዬዎችን ለመያዝ ይህ ይጠቅማል። ዕረፍት የለሽ ጫጫታቸውን ከውስጥ መስማት ግን የእናንተ ዕዳ ነው።

ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጪዋለሽ ብትሉኝ፣ ለዶሮ አምስት፣ ለዳክዬ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። ሌላ ማደሪያ ከሠራሁ ደግሜ እገዛዋለሁ፤ ወደ ጎን የሚንሸራተትና ከታች ቦይ የሌለው ካገኘሁ ግን ምርጫዬ እሱ ነው።