ለ/ላ ወይስ ኧን/ዩን? ፈረንሳይኛ ለምትጀምሩ

ድሬ ያደገ ሰው ለገሃር ባለ ቁጥር ሳያውቀው የፈረንሳይኛ አርቲክል (ከስም በፊት የምትገባ ትንሽ ቃል) እየተጠቀመ ነው፣ ላ ጋር ማለት እኮ ጣቢያው ማለት ነው፣ እኛ ላውን ከስሙ ጋር አጣብቀን አስቀረነው በቃ 😂። ለ ለወንድ፣ ላ ለሴት፣ ሌ ለብዙ። ባቡር እነሱ ጋ ወንድ ስለሆነ ለ ትራን ካልክ ባቡሩ ነው፣ ያ የምናውቀው፣ ኧን ትራን (ለሴት ሲሆን ዩን) ካልክ ግን የሆነ አንድ ባቡር ነው የትኛው እንደሆነ አልተለየም። እስከዚህ ቀላል ነው።

ጉዱ ያለው ቡና ላይ ነው። እኛ "ቡና እወዳለሁ" ስንል ምንም አንጨምርም፣ እነሱ ግን ዤም ለ ካፌ ነው የሚሉት፣ በጥቅሉ ቡና የሚባል ነገር እወዳለሁ ለማለት ለ ትገባለች፣ እኔ ስንት ጊዜ ኧን ካፌ ብዬ ታርሜያለሁ። ድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ ብለህ አንድ ስኒ ስታዝ ግን ኧን ካፌ።

ደሞ "የለኝም" ሲመጣ ኧንም ዩንም ወደ ደ ይቀየራሉ። ትኬት አለኝ ዤ ኧን ቢዬ፣ ትኬት የለኝም ዠ ኔ ፓ ደ ቢዬ። ለ ግን ንቅንቅ አትልም፣ ቡና አልወድም ስትልም ዠ ኔም ፓ ለ ካፌ ነው።

አዲስ ቃል ስትይዙ ከየትኛው ጋር ካላችሁኝ እኔ ከኧን/ዩን ጋር ነው የምለው፣ ምክንያቱም ትምህርት ቤትን ሌኮል ብለህ ከያዝከው ላዋ ተውጣ ጾታው ይጠፋብሃል፣ ዩን ኤኮል ካልክ ግን ሴት መሆኗ እዛው ይሰማል።