ቪቪቪቪቪቪ ከወራት በኋላ፦ መሞት የማያናድድበት ጌም

ስለዚህ ጌም ማንም ቢጠይቀኝ የምጀምረው ከአሟሟቱ ነው። ካፒቴን ቪሪዲያን የሚባል ውሃ ሰማያዊ ሰውዬ አለ፤ ሁለት ነጥብ የምታክል ዓይን፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ፈገግታ። እሾህ ነካ እንበል። ፈገግታው ቁልቁል ይገለበጣል፣ ሰውነቱ ይቀላል፣ ብልጭ ድርግም ይልና ይጠፋል። እናንተ "ኤጭ!" ብላችሁ ሳትጨርሱ መጨረሻ የነካው ቼክፖይንት ላይ እንደገና ፈገግ ብሎ ቆሟል። "ይቀጥሉ ወይስ ይውጡ?" የሚል ሰሌዳ አይመጣም፤ የሚቆጠር ነፍስም አልተሰጣችሁም፣ ስለዚህ የሚያልቅ የለም። ሙዚቃው እንኳን ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ይቀጥላል።

በቃ፣ ይህን ጌም ለወራት ከኮምፒውተሬ ሳላጠፋው የቆየሁት በዚህ ነው። ቀሪው ሁሉ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ በጣም ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ያበሳጫል። ይኼኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ከባድ ጌም ሲባል የለመድነው ቅጣቱን ነው፤ ስትሞት ግማሽ ሰዓት የሄድክበትን መንገድ እንደገና ያስኬድሃል፣ በመሃል ጥቁር ስክሪን ላይ ምክር ያስነብብሃል፣ አንተም ጥርስህን እየነከስክ ትጠብቃለህ። ቪቪቪቪቪቪ ከባድ ነው፣ ያውም የምር። ግን ቼክፖይንቱን በየክፍሉ ማለት ይቻላል እየዘራ፣ ያልቻልካት ቦታ ደጃፍ ላይ ይመልስሃል። የቻልከውን ደግመህ እንድትሠራ አያደርግህም።

ስለ ጌሙ ላልሰማ ባጭሩ ልንገር። አየርላንዳዊው ቴሪ ካቫና እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ላይ ያወጣው ነው። የጠፈር መንኮራኩር አደጋ ይደርስባታል፣ ስድስቱ ባልደረቦች ይበታተናሉ፣ ካፒቴኑ አምስቱን ፍለጋ ይወጣል፦ ቫዮሌት፣ ቪክቶሪያ፣ ቨርሚሊየን፣ ቪተላሪ፣ ቨርዲግሪስ። የሁሉም ስም በቪ ይጀምራል፤ የጌሙም ስም እነዚያው ስድስት ቪዎች ናቸው። ፊደሎቹ በላቲን ተደርድረው ሲታዩ ወለል ላይ የተተከለ እሾህ ይመስላሉ፤ ጌሙን ከከፈታችሁ በኋላ ደግሞ በየሄዳችሁበት የምታገኙት ያንኑ እሾህ ነው።

አጨዋወቱ በአንድ ቁልፍ ነው። መዝለል የለም። ቁልፉን ስትጫኑ ስበት ይገለበጥና ካፒቴኑ ወደ ጣሪያ "ይወድቃል"፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ወደ ወለል። አየር ላይ እያለ ብትጫኑት ምንም አይሆንም፤ መጀመሪያ እግሩ የሆነ ነገር መርገጥ አለበት። ይህች አንዲት ደንብ ናት ጌሙን እንቆቅልሽ ያደረገችው። አንዴ ከተነሣህ መሃል ላይ መጸጸት አይቻልም፤ ግራና ቀኝ እያልክ የት እንደምታርፍ ከማሰብ በቀር።

እዚህ ላይ አንድ ሻጭ በዓይነ ሕሊናዬ ይመጣብኛል። ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ፣ "ወንድሜ፣ መዝለል የሌለበትን ፕላትፎርመር (እየዘለሉ የሚያልፉበት ዓይነት ጌም) ምን ያደርግልሃል? ግራፊክሱን እየው እስኪ፣ የዛሬ አርባ ዓመት ነው የሚመስለው" ይለኛል። አዎ፣ ይመስላል፤ የተፈለገውም እሱ ነው። መልኩ ኮሞዶር 64 ከሚባለው እ.ኤ.አ. በ1982 ከወጣው ኮምፒውተር ጌሞች የተቀዳ ነው፦ ጥቁር መደብ፣ ጥቂት ደማቅ ቀለሞች፣ በካሬ የተሠራ ግድግዳ። ጥቅሙ ደግሞ ከናፍቆት ያለፈ ነው። እያንዳንዱ ክፍል አንድ ስክሪን ነው፤ ስትገባ እሾሁም፣ ወለሉም፣ የሚንቀሳቀሰውም ጠላት በአንድ ጊዜ ይታይሃል። ሊገድልህ የሚችለውን ነገር የሚሸፍን ጭስ፣ ቅጠል፣ ጥላ ምናምን የለም። ሞትክ ማለት እያየኸው ነው የሞትከው። በቅርብ የተሠሩ ውብ ጌሞች ውስጥ ስንቴ ነው የገደለኝን ነገር ሳላውቀው የሞትኩት! እና ጌታዬ፣ ግራፊክሱን አይቼዋለሁ፤ አይቼም ነው የገዛሁት።

ከስክሪኑ ግርጌ ደግሞ የክፍሉ ስም ተጽፏል። ስሞቹን ያወጣው ቤኔት ፎዲ ነው፤ ያ የሯጩን ጭንና ባት ለየብቻ እያስነዳ ሰውን ያሳበደው የ"ክዎፕ" ሠሪ። የሚያሾፍ ስም ከታች ተጽፎ፣ እናንተ ከላይ እየሞታችሁ። ቀልዱ ይገባል።

አሁን ወደ አንዲት ድንጋይ።

ጌሙ ውስጥ 20 የሚያብረቀርቁ ጌጦች ተደብቀዋል። ለመጨረስ አያስፈልጉም፤ መሰብሰብ የፈለገ ይሰበስባል። ከነሱ አንዷ ያለችበት ክፍል ስትገቡ፣ ጌጧ እዚያው ወለሉ ላይ ፊት ለፊት ትታያለች። በእናንተና በእሷ መካከል ያለው አንዲት ከጉልበት የማታልፍ ድንጋይ ብቻ ናት። በየትኛውም ሌላ ጌም እንዝለል የሚል ሕፃን የሚሻገራት ናት። እዚህ ግን መዝለል የለም! ስበቱን ስትገለብጡ ከላያችሁ የሚይዛችሁ ጣሪያ የለም፤ ካፒቴኑ ሽቅብ ይነጎዳል። ወደሚቀጥለው ክፍል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው፤ ጠባብ ጉድጓድ፣ ግራና ቀኙ እሾህ። ከክፍሎቹ ሦስቱ የቄሣርን "መጣሁ፣ አየሁ፣ አሸነፍኩ" ለሦስት ተከፋፍለው በላቲን ተሰይመዋል። ጫፍ ደርሳችሁ፣ ወደ ድንጋይዋ ማዶ የሚያወርደውን መስመር ይዛችሁ፣ ያንኑ ጉድጓድ ቁልቁል ትመለሳላችሁ። በመሃል ቼክፖይንት የለም። የትም ብትሞቱ የምትመለሱት ከድንጋይዋ ጎን ነው፤ ጌጧ እዚያው እያብረቀረቀች።

ለዚህ ስንት ምሽት እንደሄደ አልቆጠርኩም፤ መቁጠርም አልፈለግኩም። የማስታውሰው ግን አለመናደዴን ነው። ሰው የሚናደደው ጊዜ ሲያገኝ ነው። እዚህ ሞትህና ሙከራህ መካከል የሚገባ ትንፋሽ የለም፤ ኮንትሮለር ለመወርወር እንኳን ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ያስፈልጋል፣ ጌሙ ደግሞ ሁለቱን ሰከንድ አይሰጥህም። ቀስ በቀስ ዓይኔ ሳይሆን ጣቴ ነው የያዘው፦ ጥቂት ግራ፣ ቶሎ ቀኝ፣ ልቀቅ፣ ቀኝ፣ አሁን ግራ እስከ ጥግ። መጀመሪያ አንድ ክፍል አለፍኩ፣ ከዚያ ሁለት። ቁልቁሉ ላይ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ምክንያቱም ሽቅቡን ለምጄዋለሁ፣ ቁልቁሉን ግን ገና ማየቴ ነው። በመጨረሻ የድንጋይዋ ማዶ ሳርፍ ደስታዬ ከጌጧ ይልቅ ያቺን ድንጋይ ከሌላ ጎን በማየቴ ነበር። መጀመሪያ ላይ የማይረባ ቀልድ የመሰለኝ ነገር እስካሁን ከተጫወትኳቸው እንቆቅልሾች ሁሉ አንደኛው ነው። መፍትሔው ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ይታወቃል፤ ያለው ጥያቄ ትችላለህ ወይ ነው።

ሻጩ ግን አልተወኝም። "ጌም የሚለካው በሰዓቱ ነው፤ ይኼ እኮ ሁለት ሦስት ሰዓት ነው!" አዎን፣ ታሪኩን ብቻ ለሚጨርስ ሰው እንደዚያው ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ግን የሚደገም ሐሳብ የለም። ላቦራቶሪ የሚባለው ሌቨል (የጌሙ ምዕራፍ) ውስጥ ሲነኳቸው ስበትን የሚገለብጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉ፤ በሁለት መስመር መካከል እንደ ኳስ እየነጠርክ ታልፋለህ። ሌላው ቦታ በስክሪኑ ቀኝ ስትወጣ በግራ ትገባለህ፤ ግድግዳ የመሰለህ በር ይሆናል። ማማው ደግሞ አንድ ረጅም ክፍል ነው፣ ስክሪኑ ራሱ ይንቀሳቀሳል፣ የዘገየም የቸኮለም ጫፍ ላይ ያለው እሾህ ይበላዋል። ሌላ ሠሪ ከእነዚህ ከአንዷ ብቻ አርባ ሰዓት ይጎትት ነበር፤ ካርታ በምልክት ሞልቶ፣ "ይህን ሰብስብ፣ ያንን አድርስ" እያለ። እንዲህ ያለውን ትልልቅ ጌም ገዝቼ ግማሹ ላይ የተውኩት ብዙ ነው፤ ይኼኛውን ጨርሼ ደጋግሜ ተመልሼበታለሁ። የሰዓት ሒሳብ ከሆነ የኔ ያዋጣል። ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ፕሮግራመሩ ሳይመን ሮዝ ጌሙን ከፍላሽ (የድሮ የድረ ገጽ ጌም መሥሪያ) ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ሲያዛውረው የሌቨል መሥሪያም አብሮ መጣ፤ ተጫዋቾች የሠሯቸው ሌቨሎች አሉ፣ አንዳንዶቹ ከዋናው የከፉ ጨካኞች።

ያልወደድኩትም አለ። በሌቨሎቹ መካከል ያለው ሜዳ ባዶ ነው። የቀሩትን ጌጦች ስትፈልግ ረጅም መንገድ በከንቱ ትመላለሳለህ፤ አንድ ምሽት ሙሉ ስዞር ቆይቼ በንዴት ዘግቼዋለሁ፣ በዚያ ምሽት ይህን ብጽፍ ኖሮ ሌላ ጽሑፍ ታነብቡ ነበር። መጨረሻው አካባቢ ደግሞ ቀለሙ ይንቦገቦጋል፤ ብልጭታ የሚያማችሁ ከሆነ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ የስክሪን ብልጭታውንና ተንቀሳቃሽ መደቡን አስቀድማችሁ አጥፉ። ቴሌቪዥን ላይ ለምትጫወቱ ሌላ ምክር፦ የቴሌቪዥኑን የጌም ሁነታ አብሩ። የኔው ቴሌቪዥን ምስሉን "እያሳመረ" የሚያዘገይ ጉደኛ ነው፤ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለበት ጌም ላይ ቁልፏ ከዘገየች ምን ቀረ?

ሙዚቃውን የሠራው ስዊድናዊው ማግኑስ ፖልሰን ነው። በድሮ የጌም ድምፅ የተሠራ፣ ፈጣን፣ ደስ የሚል። ካጠፋሁት በኋላም ጭንቅላቴ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

እጄ በደከመኝ ቀን ያገኘሁት ሌላ ነገር ግን ሊጠቀስ ይገባዋል። ማስታወቂያው ላይ ማንም አይጮኽለትም፤ የጌሙን ፍጥነት ወደ 80፣ 60 ወይም 40 ከመቶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ጭራሽ የማይሞት ካፒቴንም መምረጥ ይቻላል። "ማጭበርበር ነው" የሚል ጎበዝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ ገንዘቡን ያወጣሁት እኔ፣ ጣቱም የኔ። እንዲያውም በ60 ከመቶ የማማውን አካሄድ አጥንቼ በሙሉ ፍጥነት ተመልሼበታለሁ፤ ጌሙም አላፈረብኝ።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር። አሥረኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ ካቫና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 የጌሙን ኮድ ለሕዝብ ከፈተው። ፕሮግራመሮች ገብተው ሲያዩ ታሪኩን የሚያስኬደው አንድ ማለቂያ የሌለው ስዊች ስቴትመንት ("እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ" የሚል የትእዛዝ ዝርዝር) ሆኖ አገኙት፤ ጉዳዩ በቁጥር በቁጥር ተደርድሮ፣ ሦስት ሺህ ምናምን እያለ። ሲሳሳቁ ሰነበቱ። እኔም ኮድ ስለምነካካ ከፍቼ አየሁት። አስቀያሚ ነው። ቁልፉን ስጫን ግን ካፒቴኑ ሳይዘገይ ይገለበጣል፣ ስሞትም ሳይዘገይ ይመለሳል። ንጹሕ ኮድ ኖሯቸው ሲሞቱ የሚያስጠብቁ ስንት ጌሞች አሉኝ።

ታሪኩ ሲያልቅ ጌሙ ሒሳብ ያወራርዳል፦ ስንት ጊዜ እንደተገለበጣችሁ፣ ስንት ጊዜ እንደሞታችሁ፣ በጣም የፈተናችሁ ክፍል የትኛው እንደሆነ። የኔ ከባዱ ክፍል የት እንደሆነ ገምታችኋል። የሞቱን ቁጥር ለራሴ ይዤዋለሁ።

አሁን ስከፍተው የምገባው ሱፐር ግራቪትሮን የሚባለው ውስጥ ነው። አንድ ክፍል፣ ከላይና ከታች የሚያነጥሩ ሁለት መስመሮች፣ ከግራና ቀኝ የሚመጡ ካሬዎች፤ ሥራችሁ መቆየት ብቻ ነው። ዋንጫዎቹ ከ5 ሰከንድ ይጀምሩና 60 ላይ ያበቃሉ። የ30ዋን ይዣለሁ፣ የ60ዋ ትመጣለች። ሳይሞቱ ጌሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያልፉበት ሁነታም አለ፤ መጀመሪያ በሰዓት የሚለኩትን ፈተናዎች በከፍተኛ ውጤት ማለፍ ይጠይቃል። ጓደኞቼ "ከዚህ በኋላ የቀረህ እሱ ነው" እያሉ ይጎተጉቱኛል። አልነካውም። እዚያ ስትሞት ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፣ እኔ ደግሞ ያንን ዓይነት ጌም ድሮም አለኝ፣ በርከት ብሎ፣ ተጀምሮ የተተወ።