ላንድማርክ፣ ቢከን እና ከሪ፦ የመማር እክል ላለባቸው ተማሪዎች የተሻለው ትንሽ ኮሌጅ የትኛው ነው?

የመማር እክል ያለበት ልጅ ኮሌጅ ሊገባ ሲቃረብ ቤተሰቡ አስቀድሞ የሚሰማው ምክር «ትንሽ ኮሌጅ ፈልጉ» የሚል ነው። ምክሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ ጥቂት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል መምህሩ የቀረውንም፣ ወደ ኋላ የሚጎተተውንም ተማሪ ቶሎ ያውቃል። ይሁን እንጂ የኮሌጁ ማነስ ብቻውን ድጋፍ አይሆንም። እንዲያውም ብዙ ትናንሽ ኮሌጆች ለዚህ ሥራ ያላቸው አንድ ሠራተኛ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሌላ ኃላፊነት ደርቦ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዚህ ግምገማ የማነጻጽራቸው በአሜሪካ የሚገኙ ሦስት ኮሌጆች የተመረጡት በትንሽነታቸው ሳይሆን ድጋፉን የሥራቸው እምብርት በማድረጋቸው ነው።

ንጽጽሩ ትርጉም እንዲኖረው በአሜሪካ ሕግ መሠረት ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ኮሌጅ ሲታለፍ ምን እንደሚለወጥ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና በኋላ አይዲኢኤ (የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ) የተባለው ሕግ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ችግር ያለበትን ልጅ ራሳቸው ፈልገው እንዲለዩ፣ የግል የትምህርት ዕቅድም እንዲያወጡለት ያስገድዳል። ይህ ግዴታ ተማሪው ሁለተኛ ደረጃን ሲያጠናቅቅ ያበቃል፤ ዕቅዱም ወደ ኮሌጅ አይሻገርም። ኮሌጆችን የሚገዙት የ1973ቱ የተሃድሶ ሕግ አንቀጽ 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሲሆኑ፣ የሚከለክሉት አድልዎን ነው፤ የሚያስገድዱትም ተገቢውን ማመቻቸት ነው። ተማሪው እክሉን ራሱ ማሳወቅ፣ የምዘና ማስረጃ ማቅረብና ማመቻቸቱን መጠየቅ አለበት። ለወላጆች ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ የመዝገብ ምስጢራዊነት መብት ወደ ተማሪው መተላለፉ ነው፤ ልጁ ካልፈቀደ በቀር እናት ወይም አባት ወደ ኮሌጁ ደውለው ስለ ውጤቱ መረጃ የመጠየቅ መብት የላቸውም።

በሕግ ግዴታ የሚሰጠው ማመቻቸት ብዙውን ጊዜ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ጸጥ ያለ የተለየ ክፍል፣ የማስታወሻ እገዛ፣ በድምፅ የተዘጋጁ መጻሕፍት የመሳሰለው ነው። ጊዜ አጠቃቀምን የሚያሠለጥን ባለሙያ ወይም የንባብ እክልን በሚገባ የተማረ አስጠኚ ማቅረብ ግን የኮሌጁ ፈቃድ ነው። ሦስቱ ኮሌጆች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

በቨርሞንት ግዛት፣ ፐትኒ በምትባል የገጠር ከተማ የሚገኘው ላንድማርክ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1985 ሲከፈት ዓላማው ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍን የሚያከብድ እክል) ያለባቸውን ተማሪዎች ማስተማር ነበር፤ ዛሬ የትኩረት እክልና ኦቲዝም ያለባቸውንም ይቀበላል። ተማሪው ሁሉ እንዲህ ዓይነት ልዩነት ያለው በመሆኑ ድጋፉ በልዩ ቢሮ በኩል የሚፈለግ ሳይሆን በማስተማሪያ ዘዴው ውስጥ የገባ ነው። ረጅም ሥራ በደረጃ ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ እንዴት እንደሚነበብና ማስታወሻ እንደሚያዝም ተማሪው በግልጽ ይማራል። ተማሪው እርዳታ በመጠየቁ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት የለም፤ ለዓመታት ችግሩን ሲደብቅ ለኖረ ወጣት ይህ ትልቅ እፎይታ እንደሆነ አምናለሁ። ድክመቶቹም ግልጽ ናቸው። ክፍያው በአገሪቱ ውድ ከሚባሉት ኮሌጆች ተርታ ያሰልፈዋል፤ የሚሰጣቸው የትምህርት መስኮች ጥቂት ናቸው፤ የገጠር ኑሮው ደግሞ ከተማ ለለመደ ተማሪ ሊከብድ ይችላል። በእኔ ግምት ላንድማርክ ይበልጥ የሚጠቅመው በሌላ ኮሌጅ ሞክሮ ላልተሳካለት፣ ወይም ገና የማጥናት ዘዴን ከመሠረቱ መገንባት ለሚያስፈልገው ተማሪ ነው።

በፍሎሪዳ፣ ሊስበርግ ከተማ የሚገኘው ቢከን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመ ሲሆን፣ እንደ ላንድማርክ ሁሉ እሱም የመማር ልዩነት ላላቸው ተማሪዎች ብቻ የተመሠረተ ነው። በአማካሪ የቅርብ ክትትል ላይ ያተኩራል፤ ኑሮን ራስን ችሎ መምራትንም እንደ ትምህርቱ ያህል ይይዘዋል። የመስክ ምርጫው ጠባብ ስለሆነ ግን ምህንድስና ወይም ነርሲንግ ለሚፈልግ ተማሪ የሚመከር አይደለም።

ብዙ ልቆይበት የምፈልገው በማሳቹሴትስ፣ ከቦስተን አጠገብ በሚልተን የሚገኘው ከሪ ኮሌጅ ነው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፓል የሚባለው የመማር ማሳደጊያ ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1970 በገርትሩድ ዌብ ተመሥርቷል፤ በአገሪቱ በኮሌጅ ደረጃ ለመማር እክል ከተዘጋጁት ፕሮግራሞች ቀዳሚዎቹ ውስጥም ይቆጠራል። ከላይ ካሉት ሁለቱ የሚለየው፣ ተማሪው በመደበኛው ኮሌጅ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር መደበኛ ትምህርት እየተከታተለ በተጨማሪ ከአንድ የፓል መምህር ጋር በግል ወይም በትንሽ ቡድን በመደበኛነት መገናኘቱ ነው። መምህሩ የሚያስጠናው የሒሳብ ወይም የታሪክ ይዘቱን ሳይሆን ተማሪው በምን መንገድ እንደሚማር ነው፤ የትኛው ዘዴ ለእርሱ እንደሚሠራ፣ ሥራው ሲከመር ከየት እንደሚጀምር አብረው ይመረምራሉ። ተማሪው እንደ ነርሲንግ ያሉ መስኮችን ሊመርጥ ይችላል፤ በክፍል ጓደኞቹም መካከል እክል የሌለባቸው በርካታ ናቸው። የፓል አገልግሎት ከትምህርት ክፍያው በተጨማሪ የራሱ ክፍያ አለው፤ ይህን ወጪ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ደግሞም ልጁ ራሱ ወደ ቀጠሮው ካልሄደ የሚያስገድደው የለም። ቢሆንም መካከለኛ ችግር ላለበትና ከተመረቀ በኋላ የሚጠብቀውን ዓለም አስቀድሞ መለማመድ ለሚችል ተማሪ ከሦስቱ የምመርጠው ይህን ነው።

ለሦስቱም የሚሠራ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የኮሌጁን ጉብኝት የሚያስተናግዱት ሰዎች ስለ ድጋፉ በጥቅሉ ያወራሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው ዝርዝር ይሁን። ለአንድ የድጋፍ ባለሙያ ስንት ተማሪ ይደርሳል? ባለሙያው የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው ወይስ የሚያስጠናው ከፍ ያለ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ነው? ልጁ ለሁለት ሳምንት ከክፍል ቢቀር ማን ያውቃል፣ ምንስ ያደርጋል? የድጋፍ ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው? የመመረቂያ ምጣኔውስ የጠቅላላ ኮሌጁ ነው ወይስ የፕሮግራሙ ተማሪዎች ብቻ? ለመጨረሻው ጥያቄ ቁጥር ሳይሰጡ ሌላ ወሬ የሚያነሡ ከሆነ መልሱን እንዳገኛችሁ ቁጠሩት። የምዘና ማስረጃው ለአዋቂ በተዘጋጀ መለኪያ የተሠራና ቅርብ ጊዜ የወጣ እንዲሆን ብዙ ኮሌጆች ስለሚፈልጉ፣ ልጁ 12ኛ ክፍልን ሳይጨርስ ምዘናው እንዲታደስ ማድረግ ብልህነት ነው፤ ትምህርት ቤቱ በነጻ ሊያደርገው የሚችለው በዚያ ጊዜ ነውና።