ፍላይትራዳር24፦ ሁለት ቢጫ አውሮፕላኖች ተደራርበው ካያችሁ

በአየር ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን በካርታ የሚያሳየውን ፍላይትራዳር24 የተባለ አፕ የጫነ ሰው አንድ ቀን መደንገጡ አይቀርም። ሁለት ቢጫ አውሮፕላኖች ካርታው ላይ ተደራርበው ያያል። ስክሪንሹት ያነሳና «ኧረ ሊጋጩ ነው!» ብሎ ይልካል። በዘመድ መሀል የአውሮፕላን ነገር የምጠየቀው እኔ ስለሆንኩ፣ ፎቶው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይደርሳል።

መልሴ ሁሌም ያው ነው፦ ሁለቱንም ነካ ነካ አድርጉና ከፍታቸውን እዩ። አንዱ 36,000 ጫማ፣ ሌላው 37,000 ጫማ ይላል። በቃ። በመሀላቸው 300 ሜትር ገደማ አለ፤ ሕጉም የሚጠይቀው ያንኑ 1,000 ጫማ ነው። ከፍታቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ራዳር በሚያያቸው ሰማይ ላይ በተለምዶ 5 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 9 ኪሎ ሜትር ከምናምን መራራቅ አለባቸው። ኤርፖርት አካባቢ 3 ኖቲካል ማይልም ይበቃል። 9 ኪሎ ሜትር ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ ፊት ለፊት ለሚመጡ ሁለት ጄቶች 20 ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ካርታው ላይ ያለችው አውሮፕላን ግን በልኳ የተሳለች አይደለችም። ካርታውን አርቃችሁ ስታዩት አንዷ ብቻዋን ብዙ ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች።

አፑን እወደዋለሁ። አውሮፕላኑ ራሱ የሚልከውን መረጃ፣ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች በተከሉት መቀበያ እየለቀመ ያሳያል። ያለፈ በረራም መልሶ ያጫውታል። እኔ በነፃው ነው የምጠቀመው፤ እንግዳ ለመቀበል ከበቂ በላይ ነው።

ከምድር ሆኖ አብራሪዎችን በሬዲዮ የሚመራውን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ስህተት በዚህ አፕ አጣራለሁ ማለት ግን ከንቱ ድካም ነው። ስህተቱ ያለው ንግግሩ ውስጥ ነዋ! አብራሪው መመሪያውን አሳስቶ ሲደግም ተቆጣጣሪው ልብ ሳይል ያልፋል፣ ወይም የበረራ ቁጥር ይምታታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ጃፓን ውስጥ አንድ ተለማማጅ ተቆጣጣሪ በረራ 958ን «ውረድ» ሊል ፈልጎ 907ን «ውረድ» አለው። የ907 የግጭት መከላከያ መሣሪያ፣ ቲካስ፣ «ውጣ» እያለ ካፒቴኑ ተቆጣጣሪውን ሰማ። 958ን ደግሞ የራሱ ቲካስ «ውረድ» ብሎታል። ሁለቱም ወረዱ! ለጥቂት ተላለፉ፤ 100 ያህል ሰው ተጎዳ። በ2002 ጀርመን፣ ኡበርሊንገን ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲደገም ግን 71 ሰው አለቀ። ያን ሌሊት ዙሪክ ያለው ተቆጣጣሪ ባልደረባው እረፍት ወጥቶ ሁለት ስክሪን ለብቻው ይዞ ነበር። አሁን ሕጉ ግልጽ ነው፦ ቲካስና ተቆጣጣሪ ካልተስማሙ አብራሪው የሚታዘዘው ቲካስን ነው።

ይሄ ሁሉ በካርታ ቢታይ ሁለት ምልክቶች ተቀራረቡ ከማለት አያልፍም። ማን ምን እንዳለ መስማት ከፈለጋችሁ ሊቭኤቲሲ የተባለውን ድረ ገጽ ጎን ለጎን ክፈቱ፤ የተቆጣጣሪና የአብራሪ ንግግር ይተላለፍበታል። አንዳንድ አገሮች ማሰራጨቱን ስለማይፈቅዱ የሁሉም ኤርፖርት አይገኝም።